ስሜ ተበደረ እንጂ እኔ አልተበደርኩም!

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ አባቶቻችን፣ ሰው ቢሞትም ስሙ ይቀራል ማለታቸው ነበር። በኛ ዘመን ግን ስም የባለቤቱን ሞት አይጠብቅም። ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ስሙ ወጥቶ ብድር ይበደራል፣ ንግድ ፈቃድ ያወጣል፣ ደረሰኝ ይሸጣል፣ ለማያውቀው ሰው ዋስ ይሆናል። ሲነጋ ዕዳው ብቻውን መጥቶ በር ያንኳኳል። ኪስ አውላቂ ቢያወልቀን ቢያንስ ኪሳችንን ዳብሰን የጎደለውን እናውቃለን። ስም አውላቂውን ግን የሰረቀን ዕለት አናውቀውም፤ የምናውቀው «ክፈል!» የተባልን ዕለት ነው።

«እኔ ምን አለኝና ማን ምን ይሰርቀኛል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ቀደም ሲል ከባንክ ለመበደር የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ይዞ መቅረብ፣ ካልሆነም በደመወዙ የሚፈርም ዋስ መጥራት ግድ ነበር። ካርታም ሊብሬም የሌለው ድኻ ስሙ ምንም ስለማያስገኝ ሌባም አይፈልገውም ነበር። ያ ጊዜ አልፏል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን ብድር በስልክ ማደል ያዘ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ምቹ» ብሎ ያለ ማስያዣ ማበደር ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉ።

ነገሩን እየተቃወምኩ አይደለም። ጉሊት የምትቸረችር እናት አራጣ አበዳሪ ፊት ከምትንበረከክ በስልኳ ጥቂት ሺህ ብር አግኝታ ሽንኩርቷን ብትገዛ እሰየው ነው። ግን መያዣው ምንድነው? ካርታ የለም፣ ሊብሬ የለም። መያዣው ስሟ ነው። የስልክ ቁጥሯ፣ መታወቂያዋ፣ ገንዘብ ያስገባችበትና ያስወጣችበት ታሪኳ ነው። ካርታ ያለው ሰው ካርታውን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል። እኛ ግን መያዣችን የሆነውን ስም በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በትነነዋል!

ሌባው በየት በኩል ገባ?

እስቲ ባለፈው አንድ ዓመት የመታወቂያዎን ኮፒ የት የት እንደሰጡ ይቁጠሩ። እኔ ሞክሬ ነበር። እንደኔ ቋሚ ደመወዝ የሌለው፣ ጽሑፉን እየሸጠ የሚያድር ጋዜጠኛ ክፍያ በተቀበለ ቁጥር ኮፒ ያስገባል። ቤት ለመከራየት ለአከራዩም ለደላላውም ይሰጣል። ሲም ካርድ ለማውጣት፣ ሂሳብ ለመክፈት፣ ሥራ ለማመልከት፣ ዕቃ ለመላክ… ዘጠኝ ቦታ ስደርስ ቆጠራውን ተውኩት። ከዘጠኙ አንዱ እንኳ «ጉዳይህ ሲያልቅ ወረቀቱን ቀድጄ እጥለዋለሁ» አላለኝም።

ታዲያ ያ ሁሉ ወረቀት የት ይደርሳል? ከፊሉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ከፊሉ በኪሎ ተሽጦ ሱቅ ይገባና ቆሎና በርበሬ ይጠቀለልበታል። የበርበሬ መጠቅለያ ላይ የማያውቀውን ሰው ጉርድ ፎቶና ፊርማ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!

አሁን ደግሞ ፋይዳ መጥቷል። ጣታችሁን ስጡ አሉን፣ አሥሩንም ሰጠን። ዓይናችሁን አሳዩ አሉን፣ አሳየን። ስለ ዲጂታል መታወቂያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ጸደቀ። ከ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮም አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆነ። በመርሁ ጥሩ ነው። የቀበሌ መታወቂያ በአንድ ማህተምና በአንድ ጉርድ ፎቶ የሚሠራ ነገር ስለሆነ አስመስሎ መሥራት ቀላል ነበር፤ አሻራን ግን አስመስሎ መሥራት እንዲህ ቀላል አይደለም። ይሁንና ፋይዳን የሚጠይቀን ሰው አሻራችንን ሲያመሳክር ወይም በስልካችን የመጣ ኮድ ሲጠይቅ ስንቴ አይተናል? አሁንም የሚለን ያንኑ ነው፦ «ኮፒ አድርገህ አምጣ።» መታወቂያው ዘመናዊ ሆነ፣ አሠራሩ እዚያው ቀረ።

ካርዱን በፕላስቲክ ለማሳተም ፎቶ ኮፒ ቤት ስንሄድ ደግሞ «ፋይሉን በቴሌግራም ላክልን» እንባላለን። እንልካለን። የባለ ሱቁ ኮምፒዩተር ላይ የስንት ሰው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶና ቁጥር ተደርድሮ እንደሚታይ ቆሞ የተመለከተ ያውቀዋል። ባለ ሱቁን ሌባ ማለቴ አይደለም። ግን የዚያን ኮምፒዩተር ቁልፍ የያዘ ሁሉ፣ ነገ ኮምፒዩተሩን አሮጌ ብሎ የሚገዛው ሁሉ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስም በእጁ አደረገ ማለት ነው። የምስጢር ቁጥር ቢሰረቅ ይቀየራል። የትውልድ ቀንና አሻራ ግን አይቀየርም።

ሁለተኛው በር ስልክ ነው። ዛሬ የስልክ ቁጥር ማለት ፊርማ ማለት ነው። ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በስልክ ነው፤ ብድሩ የሚጠየቀውም የሚወጣውም በስልክ ነው። በሐሰተኛ መታወቂያ ቀርቦ «ሲሜ ጠፋብኝ» ብሎ በእርስዎ ቁጥር ምትክ ሲም ያስወጣ ሰው ፊርማዎን ወሰደ ማለት ነው። ምልክቱ ደግሞ እጅግ ቀላል ነው፤ የእርስዎ ስልክ በድንገት ኔትወርክ ያጣል። እርግጥ እዚህ አገር ኔትወርክ ሲጠፋ የሚደነግጥ ሰው ማግኘት ይቸግራል! «የተለመደው ነው» ብለን እንተኛለን። ሌባው የሚፈልገውም ይህንኑ እንቅልፍ ነው።

ሦስተኛው በር ምላሳችን ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላል ደዋዩ፣ በትህትና፣ ስምዎን ከነአባትዎ ጠርቶ። ስሙን ከየት አመጣው? ከዚያው ከበርበሬው መጠቅለያ! ሌላው ደግሞ በቴሌግራም «ብድር በአስቸኳይ እናስፈቅዳለን» ብሎ መታወቂያና የምስጢር ቁጥር ይሰበስባል። ብድሩ በእርግጥም ይፈቀዳል፤ የሚወስደው ግን ሌላ ሰው ነው።

የአቶ እከሌ ምልልስ

አሁን አቶ እከሌ የሚባል ሰው አለ እንበል። ትንሽ ሱቅ አለው፤ ዕዳ የሚባል ነገር አያውቅም። ሱቁን ሊያሰፋ ባንክ ሄዶ ብድር ይጠይቃል። «ያልከፈሉት ብድር አለብዎት» ይሉታል። «ኧረ እኔ ተበድሬ አላውቅም!» ቢል «ሲስተሙ ነው የሚለው» ይባላል። ሲስተም በዚህ አገር የማይከራከሩት ዳኛ ሆኗል።

አቶ እከሌ አበዳሪው ዘንድ ይሄዳል። «ብድሩ በእርስዎ ስልክ ነው የተጠየቀው፤ ስልክ ድርጅቱን ይጠይቁ» ይሉታል። ስልክ ድርጅቱ «የፖሊስ ደብዳቤ ያምጡ» ይለዋል። ፖሊስ «ከአበዳሪው ማስረጃ ያምጡ» ይለዋል። አበዳሪው «ማስረጃ የምንሰጠው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው» ይለዋል። እንዲህ ሲዞር ወለዱም አብሮት ይዞራል። ብድር ከ90 ቀን በላይ ሳይከፈል ሲቆይ «የተበላሸ ብድር» ይባላል። አቶ እከሌም ምንም ሳያበላሽ የተበላሸ ይባላል። በመጨረሻ ምን ያደርጋል? ዕዳው ጥቂት ሺህ ብር ከሆነ ለጥብቅና ከሚያወጣው ስለሚያንስ፣ ያልበላውን ከፍሎ ስሙን ይገዛል! የገዛ ስሙን!

እንዲህ በዝምታ ከፍሎ የሚገላገል ሰው ባለበት አገር ወንጀሉ ስንት እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር አይገኝም። ጩኸት የሌለበት ሌብነት የሌለ ይመስላል።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም

«ሕግ ይውጣልን» ብለን እንዳንጮህ ሕጉ ወጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን ግዴታው መኖሩን የማስረዳት ሸክም አለበት ይላል። በአማርኛችን፦ ተበድረሃል የሚለው አበዳሪው ያስረዳ እንጂ አልተበደርኩም የሚለው አቶ እከሌ ቢሮ ለቢሮ አይንከራተት ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ አንቀጽ 11 ላይ የሌላን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መረጃ ያለ ፈቃዱ ያገኘ፣ የያዘ፣ የሸጠ ወይም ያስተላለፈ እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መጣ። ማንም ሰው ስለ እሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስህተት ካለ የማሳረም መብት አለው ይላል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው ተብሏል።

ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ። የጠፋው የምናንኳኳው በር ነው። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ባንኮች ማን ስንት እንደተበደረ፣ ከፈለ አልከፈለ የሚለውን ወደዚያ ይልካሉ፤ ሲያበድሩም ከዚያ ይጠይቃሉ። ስንቶቻችን ነን እዚያ መዝገብ ላይ ስለ እኛ የተጻፈውን በዓይናችን ያየነው? ባንኩ ያየዋል፣ ባለቤቱ አያየውም። የሰው ስም የተጻፈበትን መዝገብ ከሰውየው በስተቀር ሁሉም የሚያነበው ከሆነ፣ ያ መዝገብ ማኅደር ሳይሆን ሐሜት ነው።

መንግሥት ሲፈልግ ፈጣን እንደሚሆንም አይተናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ 801 ሚሊዮን ብር ያህል በአንድ ሌሊት ሲወጣበት ምን ሆነ? ባንኩ ሰዎቹን አንድ በአንድ ለየ፤ ገንዘቡን ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አደባባይ ለጠፈ። የባንክ ገንዘብ ሲጠፋ የሰው ፎቶ በሳምንታት ውስጥ ግድግዳ ላይ ይወጣል። የሰው ስም ሲጠፋስ? ግድግዳው ባዶ ነው። ባንክ ሲሰረቅ ተጠርጣሪው ደንበኛው፣ ደንበኛው ሲሰረቅም ተጠርጣሪው ራሱ ደንበኛው! ይህ ሚዛን ትክክል ነው የሚል ካለ ይንገረኝ።

ማህተም የያዘ ሁሉ ባለቤት ነው

ነጋዴው ደግሞ ሁለት ስም ነው ያለው፤ የራሱና የድርጅቱ። በኛ አገር የድርጅት ስም ማለት ማህተም፣ የሥራ አስኪያጁ ቲተር፣ የድርጅቱ ስም ያለበት ወረቀትና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። እነዚህን አራቱን ያገኘ ሰው የደመወዝ ዋስትና ደብዳቤ ይጽፋል፣ ዕቃ በዱቤ ያወጣል፣ ጨረታ ይገባል። ማህተም ደግሞ በማንኛውም ቀራጭ ዘንድ በአንድ ቀን ይደርሳል።

ከሁሉ የከፋው የደረሰኙ ጉዳይ ነው። ገቢዎች ሚኒስቴር ሐሰተኛ ደረሰኝ ያሰራጫሉ ያላቸውን ድርጅቶች ስም ዝርዝር በተለያየ ጊዜ ይፋ አድርጓል። ዘዴው የታወቀ ነው። በሌላ ሰው መታወቂያ ንግድ ፈቃድ ይወጣል፣ ቦታው ላይ ቢኬድ ሱቁ የለም፣ ደረሰኙ ግን በገበያው ይዘዋወራል። ጨዋታው ሲነቃ ደላላው ይሰወርና ስሙ የተጻፈበት ሰው ይፈለጋል። ያ ሰው የቀን ሠራተኛ ወይም ዘበኛ ሊሆን ይችላል፤ «ሥራ እናስቀጥርሃለን» ተብሎ መታወቂያውን የሰጠ። ደረሰኙን በቅን ልቦና የተቀበለው ነጋዴም አይተርፍም፤ ወጪው ውድቅ ይሆንበታል።

ስለዚህ ነጋዴዎች ሆይ፣ ማህተማችሁን እንደ ሻይ ማንኪያ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። ሥራ የለቀቀ ገንዘብ ያዥ ወይም ወኪል ካለ ውክልናውን በሰነዶች ማረጋገጫ ሽሩ፤ መሻሩን ለባንካችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የገባበትንም ቀን በቅጂው ላይ አስፈርሙ። ቼክ ከጠፋ በዚያው ቀን ለባንኩ ንገሩ። የማታውቁት ድርጅት ደረሰኝ ሲሰጣችሁ መለያ ቁጥሩንና ፈቃዱን ሳታጣሩ አትቀበሉ። የራሳችሁንም ቁጥር አልፎ አልፎ ጠይቁ፤ ያላወጣችሁት ፈቃድ በስማችሁ ወጥቶ እንደሆነ ከግብር ሰብሳቢው በፊት እናንተ እወቁ።

ቁልፉን ስጡን

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን «ክሬዲቴ ተበላሸ» ሲሉ እዚህ ላለነው የቅንጦት ወሬ ይመስለን ነበር። እዚያ ክሬዲት የተበላሸበት ሰው ቤት ለመከራየት እንኳ ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኩዊፋክስ ከተባለው የብድር መረጃ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተሰረቀ። ሕዝቡ ጮኸ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ጀምሮ ማንም ሰው የብድር መዝገቡን በነፃ መቆለፍ ይችላል የሚል ሕግ ተግባራዊ ሆነ። የቆለፈ ሰው ስሙ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው በስሙ አዲስ ብድር ለማውጣት ይቸገራል፤ አበዳሪው መዝገቡን ማየት አይችልማ። ባለቤቱ ራሱ መበደር ሲፈልግ ይከፍተዋል።

አሜሪካ ሩቅ ነው ካላችሁ ኬንያ ጎረቤት ናት። በስልክ መበደር ከኛ ቀድሞ የገባባት አገር ናት፤ መዘዙንም ከኛ ቀድማ ቀምሳለች። እዚያ ዜጋው በዓመት አንዴ የብድር መዝገቡን በነፃ የማየት መብት አለው። ማዕከላዊ ባንኳም እ.ኤ.አ. በ2020 ከ1 ሺህ ሽልንግ ላነሰ ዕዳ ሰው በጥቁር መዝገብ እንዳይሰፍር ከልክሏል። በዚያው ዓመት ቁጥጥር የሌለባቸው የስልክ አበዳሪዎች የሰው ስም ወደ መዝገብ እንዳይልኩም አግዷል።

እኛ የምንጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም። አንደኛ፣ በስሜ የተመዘገበውን ብድር ሁሉ በስልኬ በነፃ ልየው። ሁለተኛ፣ በስሜ ብድር እንዳይወጣ መቆለፍ ልቻል፤ ቁልፉም በእጄ ይሁን። ሦስተኛ፣ ምትክ ሲም በወጣበት ቁጥር ለተወሰኑ ቀናት ብድር አይፈቀድ። አራተኛ፣ «አልተበደርኩም» ያልኩ ዕለት ወለዱም ስም ማጥፋቱም ይቁም፤ አበዳሪው በአንቀጽ 2001 መሠረት ያስረዳ። አምስተኛ፣ የኮፒ ልመናውን መጀመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይተዉት። ይህ ዶላር አይጠይቅም፣ ፈረንጅ አማካሪም አይፈልግም።

እስከዚያው ግን ራሳችንን እንጠብቅ። ኮፒ መስጠት ግድ ከሆነብን ፊቱ ላይ አቋርጠን «ለቤት ኪራይ ብቻ» ብለን ቀኑን እንጻፍበት፤ እንዲህ የተጻፈበት ወረቀት ለሌላ አገልግሎት አይመችም። ፋይዳ ስናሳትም ፋይሉን ፊታችን አስጠፍተን እንውጣ። የትውልድ ዓመታችንን የምስጢር ቁጥር አናድርግ። በስልክ የመጣ ኮድ ለማንም፣ ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን አይነገርም፤ እውነተኛው ባንክ አይጠይቅማ። ኔትወርክ ለብቻችን ከጠፋ በጎረቤት ስልክ ደውለን ሂሳባችንን እናዘጋ። የተውነው አሮጌ ቁጥር ካለ ከባንክ ሂሳባችን እናስነሳው፤ ነገ የሌላ ሰው ይሆናል። ያልተበደርነውን ክፈሉ ስንባል ደግሞ በቃል አንከራከር። በጽሑፍ እንካድ፣ ቅጂው ላይ እናስፈርም፣ ለፖሊስ እናመልክት። በዝምታ የከፈለ ሰው ለሌባው ደመወዝ ከፈለ ማለት ነው።

ባለሥልጣናት ሆይ፣ አሻራችንን፣ ዓይናችንን፣ ፊታችንን ወስዳችሁ መዝገብ ሞላችሁ። የሰው ዕቃ በአደራ የተረከበ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ቢጠፋም ይጠየቃል። እኛ ግን ደረሰኝም አልተሰጠን፣ ሲጠፋም የምንጠየቀው እኛው ነን። አደራ በላ የሚለውን ስም ለማትረፍ ካልፈለጋችሁ፣ የበሩን ቁልፍ ለባለቤቱ መልሱ!